ወሬው ገራዶ ሳይደርስ፦ የቁጠባ ማኅበር የአባላቱን ገንዘብ ደኅንነት የሚያሳይበት መንገድ

"ባንክ ብር ጨርሷል" የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር የቁጠባና ብድር ማኅበር ቢሮም አብሮ ይጨናነቃል። ደሴ ፒያሳ ኤቲኤም ፊት ሰልፍ መታየቱን የሰማ የገራዶ ገበሬ የባንኩ ነገር ብዙም አያስጨንቀውም፤ የሚያስጨንቀው "የእኔስ ገንዘብ አለ ወይ?" የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስ የመስጠት ኃላፊነቱም የእናንተ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በገራዶ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ለምትገኙ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሥራ አመራርና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት፣ ሥራ አስኪያጆችና ሒሳብ ሹሞች ነው።

እንዲህ ያለ ቀን ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። በመስከረም 2013 የብር ኖት ሲቀየር አይታችሁታል። ከጥቅምት 2014 መጨረሻ ጀምሮ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ተይዘው ከወር በላይ ያለ ባንክ ሲቆዩም ኖራችሁበታል። መጋቢት 7 ቀን 2016 ንግድ ባንክ ሲስተሙ ተበላሽቶ አገልግሎቱ ለሰዓታት ሲቋረጥ፣ እውነተኛው ምክንያት ከመነገሩ በፊት ስንት ዓይነት ወሬ እንደተናፈሰ ታስታውሳላችሁ። ያኔ "አትጨነቁ" የሚል ቃል ማንንም አላረጋጋም፤ ወደፊትም አያረጋጋም። አባል የሚረጋጋው ራሱ አይቶ፣ ቆጥሮና ጠይቆ የሚያረጋግጠው ነገር ሲያገኝ ነው።

ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት የሚከተሉትን ጠረጴዛ ላይ አቅርቡ፦ የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርት፣ የዘንድሮውን የወር ሒሳብ ሚዛን፣ የእያንዳንዱን ባንክ ስቴትመንት፣ የተበዳሪዎችን ዝርዝር ከመክፈያ ቀናቸው ጋር፣ መተዳደሪያ ደንባችሁን። ሒሳብ ሹሙና ቁጥጥር ኮሚቴው አብረው ይቀመጡ። ሒሳብ ሹሙ ብቻውን የሠራው ቁጥር፣ ልክ ቢሆንም እንኳ፣ ሰልፍ በተሰለፈበት ቀን የሚመሰክርለት ሰው አያገኝም።

1. መጀመሪያ ራሳችሁን መርምሩ

ያልመረመራችሁትን ደኅንነት አታውጁ። የዓለም የቁጠባና ብድር ማኅበራት ምክር ቤት "ፐርልስ" የሚባል የመለኪያ ሥርዓት አለው። መለኪያዎቹ ብዙ ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ግን ሦስቱ ይበቃሉ። ለማስረዳት ያህል የአባላት ቁጠባ 4,000,000 ብር፣ በአባላት እጅ ያለ ብድር 3,500,000 ብር፣ ጠቅላላ ሀብቱ 5,000,000 ብር የሆነ ማኅበር እንውሰድ።

የመጀመሪያው ዛሬ መክፈል የሚቻለው ገንዘብ ነው። በካዝናና በባንክ ካለው ላይ በአንድ ወር ውስጥ የሚከፈል ዕዳ ይቀነስና የቀረው ከቁጠባው ቢያንስ 15 በመቶ መሆን አለበት። በምሳሌያችን 600,000 ብር ይመጣል።

ሁለተኛው የዘገየ ብድር ነው፤ ከጠቅላላ ብድሩ 5 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ በምሳሌያችን 175,000 ብር። በየማኅበሩ የማየው ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። አንድ አባል 32,000 ብር ዕዳ ቀርቶበት የ2,000 ብር ወርኃዊ ክፍያ ከ30 ቀን በላይ ቢያዘገይ፣ ብዙ ሒሳብ ሹሞች "የዘገየው 2,000 ነው" ብለው ይመዘግባሉ። መመዝገብ ያለበት 32,000ው በሙሉ ነው፤ የዛሬውን ያልከፈለ ሰው የነገውንም ላይከፍል ይችላልና። በዚህ መንገድ እንደገና ስትሰሉ 2 በመቶ ሲባል የነበረው 12 በመቶ ሆኖ ቢመጣ አትደንግጡ፤ እውነቱን ያወቃችሁት በሰላም ቀን ነው።

ሦስተኛው የማኅበሩ የራሱ አቅም ነው፦ በሕጉ መሠረት ከትርፍ እየተቀነሰ የሚቀመጠው መጠባበቂያና ያልተከፋፈለ ትርፍ። ይህ ከጠቅላላ ሀብቱ 10 በመቶ ቢደርስ መልካም ነው፤ በምሳሌያችን 500,000 ብር። የአባላትን ዕጣ እዚህ ውስጥ አትደምሩ። አባሉ ሲለቅ ዕጣውን ይዞ ይሄዳል፤ መጠባበቂያው ግን ይቀራል፤ ብድር ሲበላሽ የአባላትን ቁጠባ ከመነካት የሚጠብቀውም እሱ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች በዓመት አንድ ቀን ብቻ ጥሩ ሆነው መታየታቸው አይበቃም። የገራዶ ገበሬ ብድሩን የሚመልሰው እህሉን ወቅቶ ሲሸጥ ነው፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ደግሞ በሰኔ ለዘርና ለማዳበሪያ፣ በክረምቱ ማለቂያ ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ነው። ለኢድ፣ ለመውሊድ፣ ለገናና ለፋሲካም ሰው ወደ ቢሮ ይመጣል። ስለዚህ በጥር የተሰላ 15 በመቶ ለነሐሴ ዋስትና አይሆንም። የአሥራ ሁለቱን ወራት ሠንጠረዥ አዘጋጁና ባለፉት ሁለት ዓመታት በየወሩ ምን ያህል እንደገባና እንደወጣ ጻፉበት። የቀጠነውን ወር ለይታችሁ ብድር መስጠትን ከዚያ ሁለት ወር አስቀድሞ ቀነስ አድርጉ።

ቁጥሩ መጥፎ ሆኖ ቢመጣስ? እንግዲያውስ የማስተዋወቁን ሥራ አቁሙና ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ አቅርቡ። የዘገየውን ብድር ማስመለሻ ዕቅድ አውጡ፣ የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቱንም ጥሩ። የታመመ ማኅበርን ጤነኛ ነው ብሎ ማወጅ በእናንተ እምነት ጥሎ ገንዘቡን ሳያወጣ የቀረውን አባል መጉዳት ነው።

2. ገንዘባችሁ የት እንዳለ እወቁ

ማኅበሩ ባንክ አይደለም፤ የማኅበሩ ጥሬ ገንዘብ ግን አብዛኛው ባንክ ውስጥ ነው። ባንኩ ሲዘጋ የእናንተም ካዝና ግማሹ ተዘጋ ማለት ነው። ይህን ያልተረዳ ኮሚቴ "ባንክ አደጋ ላይ ነው፣ ወደ እኛ ኑ" ብሎ ይለጥፍና በማግስቱ ራሱ ከዚያው ባንክ ማውጣት ያቅተዋል።

ቢያንስ በሁለት ባንኮች ሒሳብ ይኑራችሁ፤ ቢቻል አንዱ ደሴ ሌላው ኮምቦልቻ። የፈራሚዎቹን ዝርዝር በየዓመቱ አድሱ። ከሦስቱ ፈራሚዎች አንዱ አዲስ አበባ ሄዶ ሌላው ታሞ ገንዘብ ማውጣት ያልቻለ ማኅበር፣ ሚሊዮን ብር ቢኖረው ለዚያ ቀን ምንም የለውም። ብሔራዊ ባንክ በየጊዜው የሚያወጣውን የጥሬ ገንዘብ ማውጫ ገደብም ከባንካችሁ ጠይቃችሁ ያዙ፤ በአንድ ቀን ምን ያህል ማውጣት እንደምትችሉ ሳታውቁ ለአባል ቀጠሮ አትስጡ።

ትርፍ ገንዘብ ስታስቀምጡም ከወለዱ በፊት ተቀባዩን መርምሩ። በኬንያ የቁጠባ ማኅበራት ራሳቸው ያቋቋሙት ኩስኮ የተባለ ዩኒየን ነበር። በ2017 ይፋ የሆነ የኦዲት ምርመራ 13.3 ቢሊዮን ሽልንግ ገደማ ኪሳራና ጉድለት አጋለጠበት። እዚያ ያስቀመጡት ማኅበራት በራሳቸው ቤት ያጠፉት ነገር ሳይኖር ተጎዱ። "የራሳችን ዩኒየን ነው" ማለት ኦዲት ከመጠየቅ አያድንም፤ የዩኒየናችሁን የኦዲት ሪፖርት በየዓመቱ ጠይቃችሁ አንብቡ።

3. ማለት የምትችሉትንና የማትችሉትን ለዩ

አባል ሲፈራ የኮሚቴው ሰው ከቅንነት የተነሳ ከእውነቱ በላይ ይናገራል። ስለዚህ የሚባለውና የማይባለው አስቀድሞ በወረቀት ይስፈር።

"መንግሥት ዋስ ነው" አይባልም። የኅብረት ሥራ አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበራችሁን ሕጋዊ ሰውነት ይሰጠዋል፣ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ኦዲት እንዲደረግ ያዛል፣ ተቆጣጣሪ አካልም ያቆማል፤ የጠፋ ገንዘብ ይተካል ግን አይልም።

"ገንዘባችሁ መድን ተገብቶለታል" አይባልም። በ2013 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የሚሸፍነው በባንኮችና በማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ያለን ተቀማጭ ነው፤ ያውም ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ተቋም እስከ 100,000 ብር ድረስ። የቁጠባ ማኅበራት በዚህ ውስጥ የሉም። አሜሪካ ያሉ የቁጠባ ማኅበራት በመጋቢት 2015 ሲሊከን ቫሊ ባንክ ሲወድቅ አባላቶቻቸውን ያረጋጉት እስከ 250,000 ዶላር የሚደርስ የፌዴራል መድን ስላላቸው ነው። ከውጭ አገር መልእክት ቀድቶ መለጠፍ የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ እነሱ ያላቸው መድን እኛ የለንም። አባል ይህን በኋላ ከሌላ ሰው ከሚሰማ ዛሬ ከእናንተ ይስማው።

"ብሔራዊ ባንክ ይቆጣጠረናል" አትበሉ፤ የሚቆጣጠራችሁ የኅብረት ሥራ ተቆጣጣሪው አካል ነው። የማንንም ባንክ ስምም በክፉ አታንሱ።

እንግዲህ ምን ይባላል? እውነት የሆነውና ትልቅ የሆነው ይባላል። ገንዘባችን ከአባላት ተሰብስቦ ለአባላት ብቻ በብድር ይሰጣል። ተበዳሪውን ዋሱ ያውቀዋል፣ ዋሱን ደግሞ እኛ እናውቀዋለን። አንድ አባል ያለው አንድ ድምፅ ነው፤ መቶ ሺህ ያስቀመጠ ሀብታም ሁለት ሺህ ካስቀመጠችው እናት በላይ አይመርጥም። ሒሳቡን ኦዲተር ያየዋል፣ ጉባኤው ይሰማዋል። መጠባበቂያችን ይህን ያህል ነው። ዛሬ መክፈል የምንችለው ይህን ያህል ነው።

4. በአንድ ገጽ ጻፉት

የኦዲት ሪፖርት ለአባል አታድሉ፤ ማንም አያነበውም። ከቢሮ በር ላይ የሚለጠፍ፣ በቅሬ (በመንደር መረዳጃ ማኅበር) ስብሰባ ላይም በሦስት ደቂቃ ተነብቦ የሚያልቅ አንድ ገጽ አዘጋጁ። በምሳሌው ማኅበር ቁጥር ቢጻፍ ይህን ይመስላል፦

ለአባሎቻችን፦ እስከ ጥር 30 ያለው የማኅበራችን ሒሳብ
የአባላት ቁጠባ 4,000,000 ብር
በካዝናና በሁለት ባንኮች ያለ 820,000 ብር
በአባላት እጅ ያለ ብድር 3,500,000 ብር
ከዚህ ውስጥ ከ30 ቀን በላይ የዘገየ 140,000 ብር፤ ከመቶ ብር ብድር አራት ብር
መጠባበቂያና ያልተከፋፈለ ትርፍ 500,000 ብር
የመጨረሻው ኦዲት የተደረገበት ቀንና ያደረገው አካል
ማኅበራችን በተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ውስጥ አልታቀፈም፤ ቁጠባችሁን የሚጠብቀው ከላይ ያለው መጠባበቂያ፣ የዋስትና ሥርዓታችንና የእናንተ ቁጥጥር ነው።
መዝገቡን ማየት የሚፈልግ አባል ረቡዕ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ይምጣ።

ከታች የሥራ አመራር ሰብሳቢው፣ የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢውና ሒሳብ ሹሙ ይፈርሙ፣ ማኅተም ይረፍበት። የቁጥጥር ኮሚቴው ፊርማ ሳይኖር አይለጠፍ፤ አባላት እሱን የመረጡት ይህን ሊመሰክርላቸው ነው።

የዘገየውን ብድር አትደብቁ። አራት ብሩን በግልጽ የጻፈ ማኅበር ስለ ሌላው ዘጠና ስድስት ብር ሲናገር ይታመናል። ከቁጥሩም ይልቅ በቃል የሚያስረዳው ሰው ሊዘጋጅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ 4,000,000 ብር ቁጠባ ሲኖር ካዝናና ባንክ ውስጥ ያለው ለምን 820,000 ብቻ ሆነ? ይህን ጥያቄ አባል በሰላም ቀን ጠይቆ መልሱን ካልሰማ፣ በወሬ ቀን "ሦስት ሚሊዮኑ ተበልቷል" ተብሎ ይሰማዋል። መልሱ ቀላል ነው፤ በደንብ ይነገር፦ ገንዘቡ ጎረቤታችሁ የገዛው በሬ፣ የውኃ ፓምፕ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛዋ ያስገጠመችው የቤት ቆርቆሮ ሆኖ በየወሩ እየተመለሰ ነው። በየወሩ ከብድር ስንት ብር እንደሚመለስም ጨምራችሁ ተናገሩ።

የማንም አባል ስም፣ ቁጠባ ወይም ዕዳ በወረቀቱ ላይ አይውጣ። ያልከፈለውን ለማሳፈር ስም ለመለጠፍ የሚፈተን ኮሚቴ አለ፤ ያን ያየ ሌላው አባል የእኔም ምስጢር አይጠበቅም ብሎ ይሸሻል። በገንዘቡ ወለድ እንዳይገባበት ለሚፈልገው አባልም፣ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ካላችሁ፣ ያ ሒሳብ ተለይቶ መያዙን በራሱ መስመር ጻፉለት። ወሎ ውስጥ ይህን አባል መርሳት ግማሹን ሰው መርሳት ነው።

5. ደብተርና መዝገብ የሚተያዩበት ቀን ይኑር

ከሁሉም እርምጃዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። አባሉ በማኅበሩ ላይ ያለው እምነት በመጨረሻ እጁ ላይ ያለው ደብተርና እናንተ ጋ ያለው መዝገብ አንድ መሆናቸው ላይ ያርፋል።

በሩብ ዓመቱ ሁለት ቀን መድቡ፤ አንዱ ሰው ለገበያ የሚወጣበት ቀን ቢሆን ይመረጣል። ከቢሮው ደጅ ጠረጴዛ አውጡ። ደብተሩን አባሉ ይያዝ፣ መዝገቡን ሒሳብ ሹሙ ይክፈት፣ ቁጥሩን ግን ጮክ ብሎ የሚያነበው ከቁጥጥር ኮሚቴ የመጣ ሰው ይሁን። መዝገቡን የጻፈው ራሱ ካነበበው ስህተቱን አያየውም። የአባሉን ቁጠባ መጠን ሌላ ሰው እንዳይሰማ ጠረጴዛው ከሰልፉ ይራቅ። ከተስማማ በደብተሩም በመዝገቡም ላይ ቀን ይጻፍ፣ ሁለቱም ይፈርሙ። ማንበብ የማይችል አባል የሚያምነውን ሰው ይዞ ይምጣ፤ ልጁም ቢሆን።

ካልተስማማስ? እዚያው አትከራከሩ። ልዩነቱን በተለየ ቅጽ ላይ ጻፉ፣ ኮፒ ስጡት፣ በሰባት ቀን ውስጥ መልስ እንደሚያገኝ ንገሩት፣ በሰባተኛው ቀንም መልሱን ስጡ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያልተመዘገበ ደረሰኝ ወይም በሁለት ተመሳሳይ ስሞች መካከል የተምታታ ገቢ ነው። ያልሆነ እንደሆነ ግን ስርቆት ነው፤ ያንንም ቶሎ ማግኘት ይሻላል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄደው የመዝገብ ቅጂ ነው። በ2014 የሆነውን ያየ ሰው መዝገብ በአንድ ቢሮ ብቻ እንዲቀመጥ አይፈቅድም። በየወሩ መጨረሻ የአባላት ቁጠባና ብድር ዝርዝር ይታተም ወይም በፍላሽ ይገልበጥ። አንዱ ቅጂ ካዝና ውስጥ፣ አንዱ በፖስታ ታሽጎ በቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ እጅ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ ይቀመጥ። ቅጂው መኖሩን ለአባል ንገሩ፤ የት እንዳለ ግን አትንገሩ።

6. ማን ይናገር? የት?

በወሬ ቀን የሥራ አስኪያጁ ቃልና የዘበኛው ቃል ከተለያዩ ሰው የሚያምነው ዘበኛውን ነው። ስለዚህ አንድ ተናጋሪና አንድ ተተኪ ሰይሙ፤ ሌላው ሁሉ፣ መስኮት ላይ ያለችው ገንዘብ ያዥም ዘበኛውም፣ አንድ ዓይነት አጭር መልስ ይያዝ፦ "ከፍለናል፣ እየከፈልን ነው፣ ወረቀቱ በሩ ላይ አለ፣ ጥያቄ ካለዎት እገሌን ያነጋግሩ።"

ስልክና ቴሌግራም መልካም ናቸው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን አብረው ይጠፋሉ። ይህ አካባቢ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ስላየ በሰው በኩል የሚሄድ መንገድ አስቀድማችሁ ዘርጉ። ገራዶ ውስጥ ትልቁ መንገድ ቅሬ ነው። የየቅሬውን ሰብሳቢ ስምና ስልክ ያዙ፣ ገጹን አስቀድማችሁ ስጡት። ጁምዓ ሲፈታ፣ ሰንበቴ ላይ፣ በገበያ ቀን ገጹ ይነበብ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም ጨርቃ ጨርቅ ያሉ አባላት ካሏችሁ ደግሞ በሥራ ሰዓት ቢሮ መምጣት አይችሉም፤ ፈረቃ በሚቀያየርበት ሰዓት ሂዱላቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሼሁን ወይም ቄሱን "ገንዘባችሁ አይነካም በሉልን" ብላችሁ አትለምኑ። እነሱ ሒሳቡን አያውቁትም፤ ነገሩ ከተበላሸ የሚጎዳው የእነሱ ስም ነው። ልትጠይቋቸው የሚገባው ሕዝቡ መጥቶ ደብተሩን እንዲያስተያይ እንዲናገሩ ብቻ ነው።

7. ሰልፍ የተሰለፈ ዕለት

በዚያ ቀን የሚናገረው ክፍያው ነው። ሲሊከን ቫሊ ባንክ ከመዘጋቱ አንድ ቀን በፊት ደንበኞቹ ሊያወጡ የጠየቁት 42 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በአንድ ቀን። እንዲህ ያለ ጎርፍ ከተነሳ ማንም አይችለውም። የእናንተ ሥራ ጎርፍ ከመሆኑ በፊት ማስቆም ነው።

በሰዓቱ ክፈቱ፤ እንዲያውም ሠላሳ ደቂቃ ቀድማችሁ። የተዘጋ በር ሌላ ወሬ ይወልዳል። ቁጥር ያለበት ወረቀት አድሉና ሰውን አስቀምጡ፤ አሮጊቶችንና ነፍሰ ጡሮችን አስቀድሙ። ትንሽ የሚያወጣውን እዚያው ክፈሉ። ትልቅ ገንዘብ በስንት ቀን ማስታወቂያ እንደሚወጣ መተዳደሪያ ደንባችሁ ምን ይላል? በደንቡ መሠረት ቀኑን በጽሑፍ ስጡ፣ በቀኑም ክፈሉ። ደንባችሁ ዝም ካለ ያንን ደንብ በሚቀጥለው ጉባኤ ማሻሻል አለባችሁ፤ በሰልፉ ቀን ግን አዲስ ደንብ አይወጣም። የግዴታ ቁጠባ አባልነት ሳይቋረጥ እንደማይወጣ፣ ለብድር የተያዘ ቁጠባም እንደማይለቀቅ በትሕትና አስረዱ።

በዚህ ቀን ፈጽሞ መደረግ የሌለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የኮሚቴ አባል ወይም ዘመዱ የራሱን ገንዘብ አያውጣ፤ አንዱ ሲያወጣ ከታየ የጻፋችሁት ገጽ ሁሉ ከንቱ ነው። ሰው ገንዘቡን እንዳያወጣ ብላችሁ በድንገት ወለድ አትጨምሩ፤ "ቸግሯቸዋል" ይባላል፣ እውነትም ያስቸግራችኋል። ለማሳመን ብላችሁም ጥሬ ገንዘብ በአደባባይ አትቆጥሩ፤ ሌባ ትጠራላችሁ። አዲስ ብድር ለጊዜው ማዘግየት ግን ይቻላል፤ ይህን ማድረጋችሁን ከነምክንያቱ ለጥፉ፤ ለሕመምና ለሐዘን የሚሰጠው አስቸኳይ ብድር አይቁም።

ማታ ላይ ገጹን አድሱ፦ ዛሬ ለስንት አባል ስንት ብር ተከፈለ፣ ስንት ቀረ። ይህ ወረቀት በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ተለጥፎ ይገኝ።

8. ከባንክ ሸሽቶ የሚመጣውን ገንዘብ በጥንቃቄ ተቀበሉ

ደኅንነታችሁን በደንብ ካሳያችሁ ሌላ ፈተና ይመጣል፤ ከባንክ ያወጣ ነጋዴ ትልቅ ገንዘብ ይዞ ይመጣል። ብዙ ኮሚቴ ይህን እንደ ድል ያየዋል። ግን በፍርሃት የመጣ ገንዘብ ፍርሃቱ ሲያልፍ ይመለሳል። በምሳሌያችን ማኅበር አንድ ሰው 800,000 ብር ቢያስቀምጥና እናንተ ያንን ብታበድሩት፣ ከሁለት ወር በኋላ ሲጠይቃችሁ የምትከፍሉት የሌሎችን አባላት ገንዘብ ነው።

አባል ካልሆነ ቁጠባ አትቀበሉ፤ ይመዝገብ፣ ዕጣ ይግዛ፣ ሥልጠናውን ይከታተል። የአንድ ሰው ቁጠባ ከጠቅላላው ከስንት በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ ወስኑ። ትልቁን ገንዘብ በጊዜ ገደብ ቁጠባ ያስቀምጥ፤ የጊዜ ገደቡ እስኪያበቃ ድረስ ግማሹን እንኳ አታበድሩት። የገንዘቡን ምንጭ ጠይቁ፣ መልሱንም በቅጽ ላይ ጻፉ። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ሲጥል እንደታየው፣ ባንክ ሲጠብቅ ብድር ያጣው ነጋዴም ወደ ማኅበር ይዞራል። አዲሱን ቁጠባ ለአዲሱ ነጋዴ በብዛት ማበደር አንደኛው እርምጃ ላይ ያሰላችሁትን ቁጥር በአንድ ወር ውስጥ ያፈርሰዋል።

9. ሰልፉ ሲበተን

በሁለት ሳምንት ውስጥ አጭር ስብሰባ ጥሩ። ያወጡትንም ጋብዟቸው፤ ተቆጥቶ የወጣ አባል በአክብሮት ከተያዘ ይመለሳል። የወጣውን ገንዘብ፣ የተመለሰውን፣ ዘግይቶ የተከፈለ ሰው ካለ ለምን እንደዘገየ ንገሯቸው። የፈራሚ እጥረት ነበር? የጥሬ ገንዘብ ገደብ ነበር? ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር፣ የሚያስተካክለው ሰው ይሰየም፣ ቀን ይቆረጥለት።

ከዚያ ገጹን በየሩብ ዓመቱ ማውጣት ቀጥሉ፦ በመስከረም፣ በታኅሣሥ፣ በመጋቢትና በሰኔ መጨረሻ። ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የሚቀጥለው የሚወጣበት ቀን ይጻፍ፤ ያን ቀን ካለፋችሁ አባል መጥቶ የመጠየቅ መብት እንዳለውም አብሮ ይጻፍ።